የአያቴ ሳንጃ ዝጓል፣ ዝናሩ ሻግቷል፤ ምን ላድርግ?

የሽምብጥ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። አያቴ አርበኛ ነበሩ። ጠመንጃቸው ድሮ ተሽጧል። እኔ ጋ የቀረው አንድ ረጅም ሳንጃና አንድ የቆዳ ዝናር ነው። ቤታችን ጣና ዳር ነው፤ የዘንድሮ ክረምት እርጥበት ጉድ ሠራኝ። ሁለቱን አንድ ላይ በጋቢ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ከትቼ ነበር። ስከፍተው ሳንጃው ቀይ ዝገት ለብሷል፣ ዝናሩ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል።

ብየዳ ቤት ያለው ጓደኛዬ «በግራይንደር አንዴ ልምታልህ፣ መስታወት ይሆናል» ይላል። እናቴ ደግሞ ዝናሩን ቅቤ ቀባው ትላለች። የማንን ልስማ?

የሳንጃው እጀታ እንጨት፣ ጫፉ ናስ ነው። ስለቱ ቀጭን፣ ጀርባው ወፍራም። መስቀለኛው ብረት እንደ መንጠቆ ታጥፏል። ዝናሩ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ፣ ባለ ሁለት ኪስ ነው። አንዱ ኪስ ውስጥ አራት ጥይት አለ።

ጋሼ ውጅግራ፦ ልጄ፣ ግራይንደሩን እርሳው! አንተ የያዝከው የውጅግራ ሳንጃ ነው። ውጅግራ በፈረንጆች 1874 የወጣው፣ «ግራ» የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ። ዓድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. በእኛ ሰዎች እጅ ከነበሩት አንዱ እሱ ነው። አሁን የስለቱን ጀርባ ተመልከት። በቀጭን የእጅ ጽሕፈት የተሠራበት ፋብሪካና ዓመት ተቀርጾበታል። ግራይንደር መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው።

ቀበሌ 14፦ ዝናሩ ግን የፈረንሳይ አይደለም። ያ ቀለምና ሁለት ኪስ የጣሊያን ወታደር ነው። ጥይቶቹ ቀጫጭን ከሆኑ ካርካኖ የሚባለው የጣሊያን ጠመንጃ ናቸው፣ 6.5 ሚሊ ሜትር። ስድስት ስድስቱ በአንድ የብረት ማቀፊያ ይያዛሉ። አያትህ ከጣሊያን ማርከው ይሆናል።

የሽምብጥ ልጅ፦ ቀጫጭን ናቸው! ማቀፊያውም አለ። ልወልውላቸው?

ቀበሌ 14፦ ኧረ ተው! አትወልውል፣ አትፍታ፣ እሳት ዳር አታድርስ። በኪስህም ይዘህ አትዙር። ለፖሊስ ደውልና እነሱ ይምጡ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ጥይት ያለ ፈቃድ ቤት አይቀመጥም፤ «የአያቴ ነው» ብትል አያድንህም።

ቆዳ ሠሪዋ፦ እናትህን ይቅርታ ጠይቅልኝ፣ ቅቤ ግን አይሆንም። ይሸታል፣ ሻጋታውንም ይቀልባል። ዝናሩን ደጅ አውጥተህ በለስላሳ ብሩሽ አራግፈው። አፍና አፍንጫህን ሸፍን። ከዚያ ጥላ ውስጥ ነፋስ ይንካው፤ ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው ይሰነጠቃል። ደግሞ ብረትና ቆዳ አንድ ላይ አይታሰሩም። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱን የበላው እሱ ነው። ጋቢውም እንደዚያው።

ጋሼ ውጅግራ፦ ለዝገቱ ጨርቅ በነጭ ጋዝ አርሰህ ጠቅልለውና አሳድረው። ጠዋት ጥረግ። እምቢ ያለውን በጃንሆይ ጊዜ ቀይ ሳንቲም ጠርዝ ፋቅ ፋቅ አድርገው። መዳብ ከብረት ስለሚለሰልስ አይቧጭርም። ብርጭቆ ወረቀት አይንካው። ሲያበቃ ስስ የማሽን ዘይት ቀባ። ጥቁሩን አትንካ፣ ቀዩን ብቻ! ጥቁሩ ዕድሜው ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አንድ ቱሪስት ልግዛህ ብሎኝ ነበር።

ቀበሌ 14፦ ከመስማማትህ በፊት ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቅ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

የሽምብጥ ልጅ (ከሳምንት በኋላ)፦ ጥይቶቹን ፖሊስ ወስዷል። ሳንጃውን ሦስት ሌሊት በነጭ ጋዝ አሳደርኩት። ሳንቲሙን ያገኘሁት ከእናቴ መሶብ ሥር ነው። ትናንት ማታ በስልክ መብራት ጀርባውን ሳይ «ሴንት ኤትየን» የሚለው የፈረንሳዩ ፋብሪካ ስም ወጣ፤ ከጎኑ 1878፣ በፈረንጆች። እናቴ ሳንቲሟን መልስ እያለች ነው።