አረጋውያንን ስለ እርጅናቸው ስንጠይቅ፣ የሰራችሁበት ካላችሁ እስቲ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እዚህ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፣ ትምህርት ላይ ነኝ። ለመመረቂያ የያዝኩት ጥናት በስደት ያረጁ ወገኖቻችን በማህበረሰቡ ውስጥ እርጅናን እንዴት እየኖሩት ነው የሚል ነው። እስካሁን ሁለት እናቶችን አናገርኩ፣ ሁለቱም ጋ ልጆቻቸው አጠገባቸው ነበሩ፣ እና የቀዳሁትን መልሼ ስሰማው አብዛኛውን የመለሱት ልጆቹ ናቸው። አንዷን "ብቸኝነት ይሰማዎታል?" ስላቸው ሳቅ ብለው "ኧረ ቤቱ ሙሉ ነው፣ ምን ብቸኝነት አለብኝ" አሉኝ፣ ልጅቷም "እማዬ ምንም አልጎደለባትም" ብላ ዘጋችው። እና ችግር የለም ብዬ ልጻፍ? ባካችሁ ምክር።

ምላሽ፦
እህቴ፣ እኔ ለእንዲህ ዓይነት ጥናቶች አስተርጓሚ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ "ቤቱ ሙሉ ነው" የሚለውን እንዳለ ጻፊው ግን እዛ ላይ አታቁሚ። ብቻን መኖርና ብቸኝነት ለየቅል ናቸው፣ ቤት ሙሉ ሰው እያለ የሚያወራው ያጣ ስንት አለ፣ ልጅ ስራ ይውላል የልጅ ልጅ ቋንቋውን አይሰማም። አንድ ጊዜ እንዲሁ ቃለ መጠይቅ ላይ ሆነን ልጃቸው ስልክ ሊያነሳ ብድግ ብሎ ወጣ፣ እናትየው ቶሎ ቦርሳቸውን ከፍተው በላስቲክ የታሰሩ ያልተከፈቱ ፖስታዎች አወጡና "እስቲ ይሄን እይልኝ፣ እሱን አሁንም አሁንም ማስቸገር አፈርኩ" አሉኝ። አንዱ የሀኪም ቀጠሮ ነበር፣ ቀኑ አልፏል። ልጁ ሲመለስ ቦርሳውም ወሬውም ተዘጋ። ከዛ በፊት የነበረው አንድ ሰዓት ሙሉ "ተመስገን ደህና ነኝ" ነበር!

ሌላው፣ ብቸኝነት የሚለውን ቃል ራሱን አትጥሪው፣ ማን ደፍሮ አዎ ይላል። የዩሲኤልኤ (የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው) የብቸኝነት መለኪያ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲወጣ 20 ጥያቄ ነበረው፣ በ2004 ለትልልቅ ጥናቶች እንዲመች በ3 አሳጠሩት፣ ሦስቱም ውስጥ ቃሉ የለም። የሚያጫውትዎ ሰው ምን ያህል ጊዜ ይጎድልብዎታል፣ ምን ያህል ጊዜ እንደተተዉ ይሰማዎታል፣ ምን ያህል ጊዜ ከሰው እንደተነጠሉ ይሰማዎታል ነው ነገሩ። አማርኛው ላይ ግን ተጠንቀቂ፣ አንድ ሰው ይተርጉመው ሌላ ሰው ደግሞ ዋናውን ሳያይ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፣ ሁለቱን ስታስተያዪ የተበላሸው ይታይሻል።

ምላሽ፦
በልጁ ነገር እስማማለሁ፣ ግን አስተርጓሚ ካነሳን፣ አንዳንዶች ሁሌም ከእኛው ማህበረሰብ ይምጣ የሚሉት ላይ አልስማማም። እኛ እኮ ጥቂት ነን፣ ወሬ ይዞራል፣ አንዳንድ አዛውንት "የማያውቀኝ ባዕድ ይሻለኛል" ይላሉ። ማን አብሯቸው ቢቀመጥ እንደሚወዱ አስቀድሞ እሳቸውን መጠየቅ ነው፣ እሱም ልጅ በሌለበት። ፈቃድ የሚፈረምበትን ወረቀትም እንዲሁ፣ ልጁ "ፈርሚ" ስላላቸው የፈረሙት ፈቃድ አይባልም።

ደግሞ በሽታ በሽታውን ብቻ አትጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ለአረጋውያን የሚመቹ ከተሞች መመሪያ በ22 አገሮች፣ 33 ከተሞች ውስጥ አዛውንቶቹን ራሳቸውን አነጋግሮ የተሰራ ነው፣ ከ8ቱ ርዕሶች ጤና አንዱ ብቻ ነው፣ መጓጓዣ፣ ቤት፣ መከበር፣ መረጃ ማግኘት ሁሉ አለበት። እኔ ያነጋገርኳቸው አንድ አባት ቤት ሆነን "ጉልበቴን ስለሚያመኝ አልወጣም" አሉ፣ ፎርሙ ላይ ህመም ብዬ ሞላሁ። በሌላ ቀን አብሬያቸው እስከ አውቶብስ ፌርማታው ስሄድ ግማሽ መንገድ ሳይሻገሩ የእግረኛው መብራት ቀየረባቸው፣ መኪናው ጡሩምባ፣ እሳቸው እጄን ጭምቅ። ፌርማታው ላይ ደሞ መቀመጫ የለም። "ይኸው ነው ልጄ" አሉኝ። ከቻልሽ አብረሽ እየሄድሽ ጠይቂ፣ ጠረጴዛ ላይ የማይወጣ ነገር መንገድ ላይ ይወጣል።

ምላሽ፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። የብቸኝነቷን ጥያቄ አውጥቼ ሦስቱን አስገባሁ፣ ትርጉሙን የሚመልስልኝ ሰውም አገኘሁ። አስተርጓሚ እንኳ አያስፈልገኝም፣ የፈቃዱ ነገር ግን አስደንግጦኛል ምክንያቱም የሁለቱንም ወረቀት ያስፈረምኩት በልጆቻቸው በኩል ነው፣ እንደገና ማስፈረም አለብኝ። ትናንት ለእማማ ደውዬ እንደገና ልምጣ ወይ ስላቸው ትንሽ ዝም አሉና "ማክሰኞ ነይ፣ ልጄ የምትገባው ማታ ነው" አሉኝ።