በእንግሊዝኛ ክፍል አማርኛ ይከልከል? ክርክሩ የተነሳው «አስታውሰኝ» ከሚል ቃል ነው

አባት (ጥያቄውን ያነሳው)፦ የልጄ ትምህርት ቤት አዲስ ደንብ አወጣ። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የተናገረ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል። መምህሯም ቃል የምታስረዳው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ቤትም ተለማመዱ ስለተባሉ ልጄ ማታ ልትተኛ ስትል «ዳዲ፣ ፕሊስ ሪሜምበር ሚ ቱሞሮ» አለችኝ። ኑዛዜ መሰለኝ፣ ደነገጥኩ! ለካ «ነገ አስታውሰኝ» ማለቷ ነው። ሪማይንድ ነበር የሚባለው። በአማርኛ ትዝ ያለውም «አስታወሰ» ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይረሳ የነገረውም «አስታወሰ» ነው። ይህን በአማርኛ ለማስረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ደንቡ ልክ ነው ትላላችሁ?

ጡረተኛው መምህር፦ እኔ እደግፈዋለሁ። ዕድሜዬን ያስተማርኩት እንግሊዝኛ ነው። ስህተቱን ያመጣው እኮ አማርኛው ነው። ተማሪው ደብተሩን መሐል ለመሐል ያሰምርና በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ ጽፎ ይሸመድዳል። ሼድ፣ ጥላ። ሻዶው፣ ጥላ። ከዚያ «በዛፉ ሻዶው ተቀመጥን» ብሎ ይጽፍልሃል። ፀሐይ ሸሽተህ የምትቀመጥበት ሼድ ነው። መሬት ላይ የሚከተልህ ቅርጽህ ሻዶው ነው። ይህን ለማስረዳት አማርኛ ለምን ያስፈልጋል? ግቢ አውጥቼ አሳያቸዋለሁ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አሁን ያስረዱን በአማርኛ ነው። ደግሞ ወዲያው ገባኝ።

ጡረተኛው መምህር፦ ያዝከኝ ልጄ።

ኳስ ወዳጅ፦ እኔም አንድ ልጨምር። ሰፈራችን «አርሴናል ዎን ቸልሲ» የማይል የለም። ዊን የሚባለው ጨዋታው ወይም ዋንጫው ነው። ተጋጣሚን ከሆነ ቢት ነው። እኛ ሁለቱንም «አሸነፈ» ስለምንል ነው የሚያምታታን። እንደኛ አባባል ከሄድን ቸልሲ ራሱ ሽልማት ሆኖ አርሴናል ቤት ገብቷል ማለት ነው።

አንድ ወላጅ፦ እናንተ ትቀልዳላችሁ። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ ከአሁኑ ካልለመዱ መቼ ሊለምዱ ነው?

አባት፦ ያ ውጤት የብዙ ነገር ድምር ነው፣ በሪሜምበር ብቻ አናሳብበው። እኔም ልምምዱን አልጠላሁም። የጠየቅኩት ልዩነቱ እንዴት ይገባታል ብዬ ነው።

መምህርት ከአዳማ፦ አማርኛ ይፈቀድ ስትሉ የማን ልጅ ታስቦ ነው? ክፍሌ ውስጥ ብዙዎቹ ቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። ኦሮምኛ ደግሞ ሁለቱን ይለያል። ትዝ ሲልህ «ያዳቹ»፣ ሌላውን ስታስታውስ «ያዳቺሱ» ነው። እነሱ ይህን አይሳሳቱም። በአማርኛ ባብራራላቸው የሌለባቸውን ችግር ማስተማሬ ነው። የእነሱ ስህተት ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ መከልከሉንም በአማርኛ ብቻ መፍቀዱንም አልቀበልም። እኔ መጀመሪያ «በቤታችሁ ቋንቋ ይህ ስንት ቃል ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሳቸውን ሰምቼ ነው ማብራሪያዬን የምመርጠው።

ተማሪው፦ ቲቸር፣ የኛ ክፍልም እንዲህ ቢሆን!

ነዋሪ ለንደን፦ እዚህ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እናቴን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። «አሞኛል» ለማለት «አይ ፊል ሲክ» አለች። ነርሷ ሮጣ የማስመለሻ ሳህን ይዛ መጣች! እንግሊዞች ፊል ሲክ ሲሉ ሊያስመልሰኝ ነው ማለታቸው ነው። መታመምን ብዙውን ጊዜ ኢል ይሉታል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ግን ለመታመም ሲክ ይላሉ፣ ማንም ሳህን አያመጣላቸውም። ይህ በትርጉምም በግቢ ማሳያም የሚገኝ አይመስለኝም። በነገራችን ላይ እንግሊዝኛም ያምታታል። ሬንት ብትሉ ተከራይም ይላታል፣ አከራይም ይላታል። አማርኛችን ግን «ተከራየ» እና «አከራየ» ብሎ ቁጭ።

ጡረተኛው መምህር፦ እውነት ነው እህቴ። ለአከራዩ ሌት የሚሉትም ለዚሁ ነው። እንግዲህ ትንሽ ለዘብ ልበል። ደብተር ላይ ሁለት ዓምድ መጻፉን አሁንም እቃወማለሁ። ነጥብ መቀነሱን ግን አልወደድኩትም። የፈራ ልጅ ስህተቱን ራሱ አያሳይህም። ያቺ የአንተ ልጅ ሪሜምበር ያለችው ሳትፈራ ስለተናገረች ነው፣ አንተም ያወቅከው ለዚህ ነው።

አንድ ወላጅ፦ ነጥቡ ይቅር፣ እሺ። ደንቡ ግን ይቆይ።

መምህርት ከአዳማ፦ ነጥብ ካልቀነሰ ምኑ ነው የሚቆየው?

አባት፦ ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ አለ። የመምህርቷን ጥያቄ ይዤ እገባለሁ። እባካችሁ ዓርብ ማታ አንድ ሰው ያስታውሰኝ።

ተማሪው፦ የትኛውን ነው ማስታወስ? ሪማይንድ ከሆነ እኔ አለሁ።