ለትንሹ ቡድን ከድርሻው በላይ ሰው መጠየቅ አድልዎ ነው?

ከጊንጆ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። ስለ ከተማችን ውሃ የተሠራ ጥናት ደረሰኝ። 400 ሰው ተጠይቋል። መሃል ላይ «ከአካል ጉዳተኞች 75 በመቶው ረክተዋል» ይላል። ሠንጠረዡን ሳየው የተጠየቁት 12 ናቸው! 9 ሰው ማለት ነው። አንዱ ሐሳቡን ቢቀይር ውጤቱ 8 በመቶ ይዘላል። እንዲህ ላሉ ቡድኖች ከድርሻቸው በላይ ሰው ይጠየቅ ባይ ነኝ።

ከመርካቶ፦ አልስማማም ወንድሜ። ናሙና ከተማዋን መምሰል አለበት። ከመቶ ሦስት ከሆኑ ከመቶ ሦስት ይጠየቁ። አንዱን ቡድን ካበዛህ ውጤቱ ወደ እሱ ያጋድላል።

ከኪቶ ፉርዲሳ፦ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፣ ትንሽ ልበል። 400 ሰው በዕጣ ከተመረጠ ስህተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 5 በመቶ ገደማ ነው። ለከተማው ጠቅላላ ውጤት ይበቃል። በ12 ሰው ግን ያ 75 በመቶ በእውነቱ ከግማሽ በታች ሊሆን ይችላል፤ ከ90 በላይም ሊሆን ይችላል። ማጋደሉ ደግሞ መላ አለው። 100 አካል ጉዳተኛ ጠይቀህ ስትደምር መልሳቸው እንደ 3 በመቶ ብቻ እንዲመዝን ታደርጋለህ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዲህ ነው የሠራው። ሐረሪ በሕዝብ ብዛቷ ልክ ብትጠየቅ ኖሮ ለብቻዋ የሚታመን ቁጥር አይወጣላትም ነበር። ድርሻዋ ከፍ ተደረገ፣ በኋላ በክብደት ተስተካከለ።

ከመርካቶ፦ እሺ መምህር፣ 100ዎቹን ከየት እናምጣ? በዕጣ ከሄድን እኮ ከ3,000 በላይ ሰው ማዳረስ ነው። ከማኅበር መዝገብ ከወሰድን ደግሞ አባል ያልሆነው ቀረ። ብሩንስ ማን ይከፍላል?

ከበቾ ቦሬ፦ ይሄ ጥያቄ ከባድ ነው። እኔ መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። በዕጣ የወጣው ቤት ዝግ ሲሆን «ጎረቤቱን ጠይቁ» እንባል ነበር። ቀን ላይ ቤት የምታገኙት ቡና የሚያፈሉ እናቶችን ነው። የቀን ሠራተኛውና የባጃጅ ሹፌሩ የለም። አመራረጡ ከተበላሸ ብዛት አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1936 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ስለ ፕሬዚዳንት ምርጫው ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ሩዝቬልት ይሸነፋሉ አለ። አሸነፉ። አድራሻው በብዛት የተለቀመው ስልክና መኪና ካላቸው፣ በዚያ ዘመን ደህና ኑሮ ከነበራቸው ሰዎች ነበር።

ከጊንጆ፦ ብር ከሌለ ቢያንስ «75 በመቶ» አይበሉ። «ከ12ቱ 9ኙ» ብለው ይጻፉት፤ አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

ከመርካቶ፦ በዚህስ አልከራከርህም።

ከጅሬን፦ እኔ በክራንች ነው የምሄደው። ቦኖው ከቤቴ ቁልቁል ነው። ጀሪካኑን ዳገቱን የምታወጣልኝ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት በዋለችበት ቀን እስክትመለስ እጠብቃለሁ። እኔ ቤትም ጠያቂ መጥቶ ነበር። «ውሃ አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። ጻፈና ሄደ። ማን እንደሚቀዳልኝ አልጠየቀኝም።