ኮላር ወይስ ከለር? ሉስ ወይስ ሉዝ? የኳሊቲ ሪፖርት ለምትጽፉ

የሐዋሳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ ነበርኩ፤ ከሰኞ ጀምሮ ኳሊቲ ቼክ ላይ ተመድቤያለሁ። የምናመርተው ሸሚዝና ሱሪ ነው። ጉድለቱን በዓይኔ እለየዋለሁ፤ ጣጣው የማታውን ሪፖርት በእንግሊዝኛ መጻፉ ነው። ቃላቱ ሲጠሩ አንድ ይሆኑብኛል፦ ኮላርና ከለር፣ ሉስና ሉዝ፣ የወገቡ ዌስትና የብክነቱ ዌስት፣ ኳሊቲና ኳንቲቲ። ሥራው ላይ ያላችሁ እንዴት ትለያላችሁ? ዝርዝር ሸምድጂ አትበሉኝ፣ ዝርዝሩማ አለኝ።

ታቦር ሰፈር፦
እንኳን ደስ አለሽ። ኳንቲቲ ውስጥ ኤን አለች፤ ነምበርም በኤን ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ብዛት ነው። ኤን ከሌለች ጥራት።

የላይን እናት፦
እንኳን ለዚህ አበቃሽ እህቴ። ከባዱ ጉድለቱን በዓይን መለየት ነው፣ እሱን ይዘሻል። አዳዲስ ልጆች ሳሠለጥን የማየው፣ ቃሉን ለብቻው ይዘው ሲታገሉ ነው። ቃልን ከጎረቤቱ ጋር ያዢው።

ሉስ የላላ ነው። ሉስ በተን ካልሽ ቁልፉ ሸሚዙ ላይ አለ፣ ግን ክሩ ላልቶ በጣትሽ ስትነኪው ይወዛወዛል። ቁልፉ ከነጭራሹ ከሌለ ሚሲንግ በተን ነው። ለሚጠግነው ልጅ ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ ለመጀመሪያው ክር ይበቃዋል፣ ለሁለተኛው ተመሳሳይ ቁልፍ ከስቶር ማስወጣት አለበት። ሉዝ ደግሞ ማጣት፣ መሸነፍ ነው፤ ጉድለት መመዝገቢያው ላይ ሥራ የለውም። ድምፁ አያስቸግርሽም፣ ስ እና ዝ ለኛ ጆሮ አይምታቱም። የሚያደናግረው አጻጻፉ ነው፤ ሁለቱም የሚጻፉት በኤስ ነውና። የላላው ሁለት ኦ አለው፣ የሚጠፋው አንድ።

ኮላር ኮሌታ ነው። ኮሌታን ያገኘነው ከጣሊያንኛ ነው፤ የጣሊያንኛውም የእንግሊዝኛውም ሥር አንገት የሚል የላቲን ቃል ስለሆነ፣ ኮሌታ ካልሽ ኮላርን ይዘሻል። ሲጻፍ ሁለት ኤል አለው፤ የኮሌታው ሁለት ጫፎች ናቸው ብለሽ ያዢያቸው። ከለር አንድ ኤል ብቻ ነው፣ ጎረቤቱም ሼዲንግ ነው፦ እጅጌው ከደረቱ ቀለሙ ትንሽ ሲለይ፣ ብዙ ጊዜም ከሌላ ጥቅል ጨርቅ ስለተቆረጠ። እዚህ ላይ ኮላር ብለሽ ከጻፍሽ ኮሌታውን ፈትተው ይቀይሩና እጅጌው እንደነበረ ያልፋል። በተለይ ይህችን አደራ።

ዌስት ላይ ጆሮሽን አትውቀሺ፣ እንግሊዞቹም ሁለቱን አንድ አድርገው ነው የሚጠሯቸው። የኛ ገና ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ "ገና አልመጣም" የምንለው፤ አጻጻፉ አንድ፣ ድምፁ ሁለት። የነሱ ዌስት ግልባጩ ነው። የወገቡ አምስት ፊደል ሆኖ አይ ልክ መሃሉ ላይ ናት፣ ወገብ ባለበት፤ ባንድ (የወገቡ ቀበቶ) ወይም ሳይዝ (ልኩ) የሚል ቃል ይከተለዋል። የብክነቱ በኢ ያልቃል፣ የከቲንግ (የጨርቅ ቆረጣ) ክፍል ሰዎች ናቸው የሚጽፉት።

ባለ ጀልባው፦
እኔ ፍቅር ሐይቅ ላይ ጀልባ ነው የምሠራው፤ ጉማሬ ሊያዩ ከሚመጡ እንግዶች ጋር የሚያጋጨኝ ፊፍቲንና ፊፍቲ ነው። ፊፍቲን ሲሉ ጭራው ላይ ይጫናሉ፣ ፊፍቲ ሲሉ መጀመሪያው ላይ። ብዛት በቃል ስታስተላልፊ ይጠቅምሻል።

የላይን እናት፦
ወንድሜ ልክ ነህ፣ ግን ቃሉ ለብቻው ሲጠራ ነው። ፊፍቲን ፒስስ ሲሉ ጫናው ወደ ፊት ይመጣና እንደ ፊፍቲ ይሰማል። ላይን ላይ ማሽኑ እየጮኸ ይህን መለየት አይቻልም። ቁጥሩን ነጣጥላችሁ ዋን ፋይቭ፣ ፋይቭ ዚሮ በሉ።

የሐዋሳዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ! አንድ ብቻ ልጨምር፦ ዳይ ማቅለምም መሞትም ነው ይሉኛል። ዳይንግ ክፍል ብዬ ስጽፍ የትኛውን ልጻፍ?

የላይን እናት፦
ማቅለም ዲ፣ ዋይ፣ ኢ ነው፤ መሞት ዲ፣ አይ፣ ኢ። ኢንግ ሲጨመር የመሞቱ አይ ወደ ዋይ ትቀየርና ኢዋ ትወድቃለች፤ የማቅለሙ ኢ ግን ከቦታዋ አትነቃነቅም። የሚለያቸው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ከዋይ ቀጥሎ ኢ መኖሯን አይተሽ ሪፖርቱን ስጪ።