ምርቱ 6 በመቶ ሲያድግ ለነፍስ ወከፍ ስንት ይተርፋል?

ጥያቄ፦ ምርት በዓመት 6፣ ሕዝብ 2.5 በመቶ ካደገ፣ የነፍስ ወከፍ ገቢ ዕድገትን ለማወቅ መቀነስ ይበቃል?

መልስ 1፦ ለግምት ይበቃል። በትክክል ግን 1.06ን ለ1.025 አካፍል፤ 3.4 በመቶ ይመጣል። እጥፍ መሆኛውን ጊዜ በግምት ለማወቅ 70 ለዓመታዊው የዕድገት መቶኛ ይካፈላል፤ 70ን ለ3.4 ስታካፍል ገቢው እጥፍ የሚሆነው በ20 ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ሕዝቡ በ1 በመቶ ቢያድግ ኖሮ 14 ዓመት ይበቃ ነበር።

መልስ 2፦ ስሌቱ ልክ ነው፤ 6ቱ በራሱ አይመጣም እንጂ። አንድ እጅ ተጨማሪ ምርት 4 እጅ ካፒታል (ማሽን፣ ሕንፃ፣ መንገድ) ከጠየቀ፣ የነፍስ ወከፍ ገቢው ባለበት እንዲቆይ ብቻ ከምርቱ 10 በመቶ (2.5 × 4) መዋዕለ ንዋይ ያስፈልጋል። ያረጀ ማሽንና መንገድ መተኪያው ሳይቆጠር!

መልስ 3፦ የዕድሜ ስብጥሩ ተረሳ። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 በአንዲት ሴት 6 ገደማ የነበረውን ወሊድ በ1980ዎቹ ከ2 በታች አወረደች፤ ከሠራተኛው አንጻር ጥገኛው (በተለይ ሕፃናቱ) ቀነሰ፤ ይህም የነፍስ ወከፍ ገቢን ያግዛል። ወሊድ ቢቀንስም ግን የሕዝቡ ቁጥር ወዲያው አይቆምም፤ ቀድመው የተወለዱት ሴቶች ገና ለመውለድ ስለሚደርሱ ለአሥርት ዓመታት ይጨምራል።