ብራውዘራችሁ ድንገት ከተንቀራፈፈ፦ የቱን ብራውዘር፣ የቱን መስመር፣ የቱን ጥገና?

ቅዳሜ ዕለት እህቴ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። «ወንድምዓለም፣ ይሄ ነገር አልቆለታል» አለችኝ። ቀደም ብላ አንድ ጥገና ቤት ወስዳው ነበር። ልጁ ገና ክዳኑን ሳይከፍት «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» ብሏታል፤ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው።

ክሮምን ከፈትኩና ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫንኩ። ማሽኑን ማን እንደሚበላው የሚያሳየው የክሮም የራሱ ታስክ ማናጀር ብቅ ይላል። «ሲፒዩ» የሚለውን ጫን ሳደርግ ከላይ አንድ ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም) ቁጭ ብሏል፤ ፒዲኤፍ ወደ ወርድ የሚቀይር። የሆነ ጊዜ ሲቪ ለመቀየር ጭናው ረስታዋለች። እሱ ግን አልረሳትም፤ ከጀርባ ሆኖ ማሽኑን ይግጣል። አጠፋሁት። ቡናው ሳይፈላ ላፕቶፑ ነፍስ ዘራ።

ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ጥፋተኛውን ለዩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን ተጫኑ፤ ኢንኮግኒቶ የሚባለው የግል መስኮት ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ኤክስቴንሽኖች እናንተ ካልፈቀዳችሁላቸው አይሠሩም። ያው ገጽ እዚያ ከፈጠነ ነገሩ ብዙ ጊዜ ከኤክስቴንሽን ነው። እዚያም ከተጎተተ ዋይፋዩን አጥፉና በስልካችሁ ሆትስፖት ሞክሩት። ያኔ ከፈጠነ ጣጣው የቤታችሁ መስመር ነው። በሁለቱም ከተንፏቀቀ ወደ ማሽኑ ዙሩ።

«ካሽ አጥፋ» የሚል ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የማደርገው። ካሽ ማለት አንዴ የወረደውን ምስልና ፋይል ኮምፒውተሩ ለሌላ ጊዜ የሚያስቀምጥበት ነው። ካጠፋችሁት ሁሉም እንደገና ይወርዳል፤ ያውም ከጥቅላችሁ ላይ። የተበላሸው አንድ ገጽ ብቻ ከሆነ ኮንትሮልና ኤፍ5 ይበቃዋል። «ኮምፒውተር አፋጣኝ» የሚባሉትን ፕሮግራሞች ደግሞ ጭራሽ አትጫኑ። የእህቴም ጉድ የመጣው «ይጠቅማል» ተብሎ ከተጫነ ነገር ነው።

ወደ ብራውዘሮቹ ልምጣ። እኔ ለላፕቶፕ ፋየርፎክስን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴ አንድ ነው። ዩብሎክ ኦሪጂን የሚባለው ማስታወቂያ ከልካይ ሙሉ አቅሙን ይዞ እዚያ ይሠራል። ክሮም የኤክስቴንሽን ሕጉን ቀይሮ አሰናብቶታል፤ የቀረው ቀለል ያለው «ላይት» ነው። ዜና ልታነቡ ገብታችሁ ሦስት ቪዲዮ በራሱ ሲጀምር የምትናደዱ ሰዎች ልዩነቱ ይገባችኋል። ራሙ (የሥራ ሜሞሪው) 4 ጊጋ ብቻ ለሆነ ዊንዶውስ ግን ኤጅ አይናቅ። የማትነኳቸውን ታቦች ያስተኛቸዋል፤ ሌላ ነገርም ማውረድ አይጠበቅባችሁም። ከክሮም አልለቅም ካላችሁ ሴቲንግ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ግቡና «ሜሞሪ ሴቨር»ን አብሩ። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ደግሞ ክሮማችሁ 109 ላይ ቆሟል፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ አዲስ አልወጣለትም። አንዳንድ ገጽ እምቢ የሚላችሁ ለዚህም ሊሆን ይችላል።

ለስልክ፣ ኔት ደካማ በሆነበት ቦታ፣ ኦፔራ ሚኒን የሚያክል የለም። ዳታ ቁጠባውን ከፍተኛው ላይ ስታደርጉት ገጹን በራሱ ሰርቨር (በኩባንያው ኮምፒውተር) ጨምቆ ነው የሚልክላችሁ። ግን በዚያ በከፍተኛው ቁጠባ ላይ ሆናችሁ የባንክ ፓስወርድ አትጻፉ፤ ገጹ በመሃል ሰርቨር ነው የሚያልፈው። ለዜናና ለፍለጋ ብቻ ያዙት።

«ኢትዮ ቴሌኮም ወይስ ሳፋሪኮም?» የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ለሁሉም የሚሆን መልስ የለውም፤ ሰፈራችሁ ነው የሚወስነው። ቤታችሁ ፋይበር ከገባ ብዙ አትጨነቁ፣ እሱን ያዙ። ካልገባ የሌላኛው ሲም ያለው ጎረቤት ፈልጉና ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ኔት ላይ ሲሆን፣ እናንተ በምትቀመጡበት ወንበር ላይ የፍጥነት መለኪያውን ፋስት ዶት ኮምን አስከፍቱት። ጠዋት የተለካ ፍጥነት ያታልላል። ሳሎንና መኝታ ቤት እንኳ አንድ አይደሉም።

ማሽኑ ራሱ ከሆነስ? ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን ተጫኑ፤ የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ከዚያ «ፐርፎርማንስ»። ዲስኩ ኤችዲዲ (የሚሽከረከረው አሮጌው ዓይነት) ሆኖ 100 ፐርሰንት ላይ ከተቸከለ ፎርማት ለጥቂት ሳምንት ነው የሚያስታግሰው። መጀመሪያ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ግዙ። ኤስኤስዲ ካለውና የሞላው ሜሞሪው ከሆነ ራሙን 8 ጊጋ አድርሱት፤ አንዳንድ ቀጭን ላፕቶፕ ግን ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የት? መርካቶ ብትከራከሩ ይቀንሳሉ፤ ዕቃውን ግን ራሳችሁ ማወቅ አለባችሁ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ትንሽ ጨመር ይላል፤ ደረሰኝና ዋስትና የሚሰጥ ሱቅ ማግኘቱ ግን ለእኔ ቀሎኛል። ዋጋ አልጽፍም። ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሠራም። ሁለት ሦስት ቦታ ደውሉ።

ቴክኒሻን የምመርጠው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ክሎን ታደርግልኛለህ?» አዎ ካለ ዊንዶውሳችሁና ፋይላችሁ እንዳለ ወደ አዲሱ ይሻገራል። «ፎርማት ይሻላል» ብሎ ድርቅ ካለ ሌላ ጋ ሂዱ። አሮጌውን ዲስክ ተቀበሉት፤ ፎቷችሁ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ከሱቁ ሳትወጡ ደግሞ ማሽኑን አስነሱትና የኤስኤስዲውን መጠን በዓይናችሁ እዩ። ካርቶኑ ላይ 512 ጊጋ ተጽፎ ውስጡ 240 ሆኖ ያገኘሁበት ቀን አለ። ያኔ ገና ሱቁ ውስጥ ስለነበርኩ ሳይከራከሩ ቀየሩልኝ።