የግሪድ ሴል ካርታ፦ በዓይን ባለ ስድስት ጎን፣ በስሌት ዜሮ

ሰላም፣ የነርቭ ሴል ቅጂ መተንተን የምትችሉ እርዱኝ። መረጃው ከአይጥ ኢንቶራይናል ኮርቴክስ (ቦታን ለማወቅ ከሚያግዝ የአንጎል ክፍል) የተቀዳ የግሪድ ሴል ነው፤ ይህ ሴል የሚተኩሰው አይጧ ወለሉ ላይ የባለ ስድስት ጎን ንድፍ በሚሠሩ ቦታዎች ስትደርስ ነው። ሳጥኑ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ቅጂው 20 ደቂቃ። ወለሉን በ2.5 ሳንቲሜትር ካሬዎች ከፍዬ በየካሬው የተቆጠረውን የሴሉን ምት አይጧ እዚያ ለቆየችበት ጊዜ አካፈልኩ። ከዚያ ካርታውን በራሱ ላይ እያንሸራተትኩ ዝምድናውን አሰላሁ። የወጣው የዝምድና ካርታ በ60 እና በ120 ዲግሪ ሲዞር ከራሱ ጋር መግጠም፣ በ30፣ በ90 እና በ150 ደግሞ አለመግጠም ነበረበት።

ስድስቱ ነጠብጣቦች መሃሉን ከበው ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ውጤቱ (በሁለቱ የማዕዘን ቡድኖች መካከል ያለው የመግጠም ልዩነት) ግን ከዜሮ ፈቀቅ አይልም። የመሃሉን ጉብታ ቆርጬ አውጥቻለሁ (በየትኛውም ማዕዘን ስለሚገጥም ልዩነቱን ይውጠዋል)። አይጧ በሰከንድ ከ3 ሳንቲሜትር በታች ስትንቀሳቀስ የተመዘገበውንም ጥያለሁ።

የቀረኝ ጥርጣሬ የስድስቱ ነጠብጣቦች ቀለበት ሞላላ መሆኑ ነው፦ በአንዱ አቅጣጫ 38፣ በሌላው 52 ሳንቲሜትር። ወደ ክብ መልሼ ልለካ ወይስ የግድግዳው ተጽዕኖ ነው ብዬ እንዳለ ልተወው? ከካሜራው መዛነፍ የመጣ ከሆነስ በምን እለየዋለሁ? አብረው የተቀዱት ግሪድ ሴሎች ሁሉ እኩል ሞላላ ስለሆኑ ፍንጭ አልሰጡኝም።